የእንጨቱ ለብቻ፣ የእጁ ለብቻ

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የግመል ዋጋ የሚቆረጠው ግመሉ ቆሞ እየታየ ነው። ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አራምዶ እግሩን ይፈትሻል። ደላላው ቢያጋንን እንኳ ዓይን ምስክር ነው፤ በግራም በቀኝም ሌላ ግመል ስላለ ማመዛዘን ይቻላል። እሑድ ሰንበቴ ላይም ለፍየሉ፣ ለማሽላው፣ ለቅቤው ደንቡ ያው ነው። ዕቃው ይቀድማል፣ ክርክሩ ይከተላል፣ ዋጋው መጨረሻ ይመጣል። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በዚህ ምድር ሲገበያዩ የኖሩት በዚህ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ስለ ዋጋ ያለን አስተሳሰብ አብዛኛው ከዚሁ የተቀዳ ነው።

ከሚሴ ላይ፣ አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ዳር፣ አናጢ ቤት የገባ ሰው ግን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጥበታል። የሚገዛው ነገር ገና የለም። ጥግ ላይ የተደገፈ ጣውላ አለ፣ መሬቱን ሰጋቱራ ሸፍኖታል፤ በደንበኛው ልብ ውስጥ ደግሞ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ የሙሽራ ሳጥን፣ ወይም ከድሮው ትንሽ ሰፋ ያለ ረከቦት አለ። በሁለት እጁ አየሩን እየለካ «ይቺን ታህል» ይላል። ወዲያው ደግሞ «ስንት ትለኛለህ?» ይከተላል። ሁለት ሰዎች አንዳቸውም ባላዩት ነገር ላይ ይከራከራሉ ማለት ነው። እኔ የትንሽ ትእዛዝ ሥራ ዋጋ ከግመሉም ከማሽላውም ዋጋ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ስለዚህ ነው። ግመሉን አስወድዶ የገዛ ሰው ቢያንስ የገዛውን ያውቃል።

የሸሪዓ ሊቃውንት የነገሩን ክብደት ቀድመው አይተውታል። በመሠረቱ ሰው በእጁ የሌለውን፣ ገና ያልተገኘውን ነገር እንዲሸጥ አይፈቀድም፤ ያልታየ ነገር የማታለልና የጠብ በር ይከፍታልና። ሰው ግን ያለ ጫማ ሰፊና ያለ አናጢ መኖር አይችልም። ስለዚህ የሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ኢስቲስናዕ የሚባለውን የማሠራት ውል ፈቀደ፤ ክፍያውም አስቀድሞ፣ በከፊል ወይም በርክክቡ ጊዜ ሊሆን ይችላል። የሻፊዒ መዝሀብ ጉዳዩን ሰለም በሚባለው ውል ሥር አስገብቶ ገንዘቡ በሙሉ እዚያው ውሉ በተደረገበት ቦታ እንዲቆጠር ጠየቀ። ወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ጎን ለጎን ሲጠኑባት የኖረች አገር ናትና፣ ከሚሴ ዙሪያ ባለው በጨፋ ሸለቆ የሚኖር ሼህ ስለዚህ ጉዳይ ቢጠየቅ መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው የሐነፊ መዝሀብ መሥራች በሆኑት በአቡ ሐኒፋና በደቀ መዝሙራቸው በአቡ ዩሱፍ መካከል የነበረው ልዩነት ነው። ለአቡ ሐኒፋ፣ ደንበኛው ዕቃው ተሠርቶ ሲያየው ካልወደደው መተው ይችላል፤ የተዋዋለው ሳያይ ነበርና። አቡ ዩሱፍ ግን ዕቃው እንደተነገረው ሆኖ ከተሠራ ደንበኛው ወደኋላ ማለት የለበትም ባይ ናቸው። ምክንያታቸው የሠሪው ጉዳት ነው፦ እንጨቱን በአንድ ሰው ልክ ቆርጦታል፤ ሌላ ሰው በዚያ ዋጋ ላይፈልገው ይችላል። የኦቶማን መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጀሌ በሚባለው መድበል ሲጽፍ በቁጥር 392 የተከተለው የአቡ ዩሱፍን መንገድ ነው። አንድ የሕግ ሊቅ በተቆረጠ እንጨት ላይ የአናጢውን ኪሳራ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ነገር ከዚያ ሰው ውጭ ዋጋው እንደሚወድቅ ማየት ማለት፣ ሠሪው ከእንጨት ያለፈ ነገር እንደሰጠ ማየት ነው።

የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። በቁጥር 1885 ደግሞ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ከሚሴ ውስጥ ይህን ቁጥር ጠቅሶ የሚከራከር ደንበኛ ብዙ አይኖርም፤ ይሁን እንጂ ቀብድ የበላ አናጢ ምን ዓይነት ስም እንደሚወጣለት ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ ውል ሲፈርስ ጉዳቱ በማን ላይ ይውደቅ የሚለውን ሕጎቹ መልሰዋል። ስንት ይሁን የሚለውን ግን ለሁለቱ ሰዎች ትተውታል። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው።

የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ ውስጥ ሰው የሚያገኘው ሀብት ሁሉ ከሰው ድካም የሚመነጭ መሆኑን ሲያብራራ፣ ምሳሌ አድርጎ ያነሣው አናጢነትንና ሽመናን ነበር። በእነዚህ ሙያዎች እንጨትና ክር ከሥራው ጋር ተዳብለው ይገኛሉ፤ ድካሙ ግን ስለሚበልጥ የዋጋውም ትልቁ ክፍል የድካሙ ነው። ይህን ሐሳብ ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶም ቢሆን የሚክድ ሰው አላጋጠመኝም። በተግባር ግን ሁላችንም እንክደዋለን፤ እንዴት እንደምንክደው በቁጥር ላሳይ።

እንበል አንዲት ሻይ ቤት ያላቸው እናት በሁለት ግድግዳዎች መካከል ባለች ጠባብ ጥግ ሦስት ደርብ መደርደሪያ ፈለጉ፤ እያንዳንዱ ደርብ አንድ ሜትር። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ ከታች ያበጠው ከላይ ይሰረጉዳል፣ በግራ በኩል የገባው በቀኝ ይወጣል። አናጢው ስኳድራውን ቢያስጠጋ የትኛውም ማዕዘን አይገጥምለትም። ስለዚህ ሦስቱ ጣውላዎች ሦስት የተለያዩ ጣውላዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልክ፣ የግድግዳውን ጉብጠት ተከትለው መቆረጥ አለባቸው። ሄዶ መለካት አለ። እንጨት መሸጫ ሄዶ ያልተጣመመ መምረጥ አለ። መላግ፣ መቁረጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አለ። ተሸክሞ ሄዶ መሞከር፣ አልገባም ሲል መልሶ መላግ፣ እንደገና መሞከር አለ። ቫርኒሹ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ በመካከሉም መድረቅ አለበት።

አሁን መደርደሪያው ስድስት እጥፍ ቢረዝምስ? መንገዱ ያው ነው፣ ልኬቱ ጥቂት ይጨምራል፣ ቫርኒሹን ማዘጋጀቱም መሣሪያውን ማጽዳቱም ያው ነው። እንጨቱ ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ድካሙ ግን እጥፍ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የትንሽ ሥራ እውነት ይህ ነው፦ እያነሰ በሄደ ቁጥር በአንድ ክንድ ርዝመት ላይ የሚወድቀው ድካም ይበዛል። ደንበኛው የሚጠብቀው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። በገበያ ልማዱ ትንሽ ነገር በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ ግማሽ ኩንታል ማሽላ የአንድ ኩንታል ግማሽ ነው። አናጢውና ደንበኛው የሚጋጩት አንዱ ስለሚሰስት ወይም ሌላው ስለሚያታልል ላይሆን ይችላል። አንዱ በኩንታል ያስባል፣ ሌላው በሰዓት።

እንበል አሁንም፣ ጣውላው፣ ብሎኑ፣ ኮላውና ቫርኒሹ ተደምሮ 1,200 ብር ሆነ። አናጢው ለእጁ 1,600 አሰበ።

«ስንት አልከኝ ልጄ?»

«2,800 ይሆናል እማማ።»

«ለሦስት ጣውላ? እኔ የጣውላ ዋጋ የማላውቅ መሰለህ?»

«አብሽሩ እማማ፣ የሚያስወድደው እኮ ጣውላው አይደለም፤ ግድግዳው…»

«ተው ልጄ፣ 2,000 አድርገውና ልሂድበት። ዱዓም አደርግልሃለሁ።»

አናጢው ትንሽ ዝም ይላል። ዛሬ ሌላ ሥራ አልመጣለትም። «እሺ ይሁን» ይላል።

እናት የተቀነሰላቸው ከሦስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከ2,800 ላይ 800 ብቻ። በእሳቸው ዓይን መጠነኛ ቅናሽ ነው። የጣውላ ነጋዴው ግን 1,200 ብሩ ላይ አንድ ብር አልቀነሰም፤ ሊቀንስም አይችልም። 800 ብሩ በሙሉ የወጣው ከአናጢው እጅ ነው። 1,600 የነበረው 800 ሆነ፤ እማማ ሳያውቁት የአንድን ሰው ድካም ግማሽ ወሰዱ። ከቀረው 800 ላይ ደግሞ የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የመጋዝ ማሳያ፣ ለሚያግዘው ልጅ የምሳ ይወጣል። እኚህ እናት ቸር ሰው ናቸው፤ ይኸው አናጢ ቤታቸው ቢመጣ ቡና አፍልተው፣ ቁርሱን አቅርበው ነው የሚሸኙት። ዋጋው በአንድ ድምር ስለተነገራቸው ብቻ ማንን እንደቆረጡ አላዩም።

ደግሞም ከእንጨቱና ከእጁ ለክርክር የምናቀርበው ሁልጊዜ እጁን የሆነበት ምክንያት የትናንት አይደለም። በአገራችን የእጅ ሥራ የተናቀበት ዘመን ረጅም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ የአገር ችግር ስለሆነ ነው። አናጢው ከአንጥረኛው ያነሰ ንቀት ደርሶበት ይሆናል። በእስልምናው ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ እንደነበሩ ይነገራል፣ በክርስትናውም አረጋዊው ዮሴፍ አናጢ ናቸው፤ መርከብ የሠሩት ነቢዩ ኑሕ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ ይታወቃሉ። ነገር ግን ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ግምቱ አልጠፋም። ከመሬት የወጣ ነገር፣ ከሱቅ የተገዛ ነገር ዋጋ እንዳለው እናምናለን። የሰው እጅ ግን ከጎረቤት እንደሚለመን እሳት ወጪ የሌለው ይመስለናል።

ይህ ግምት በዚህ ዘመን የባሰ ፈተና መጥቶበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ ቫርኒሹ፣ ኤም ዲ ኤፉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ዋጋ ተናግሮ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ ዕቃ ሳይገዛ የቆየ አናጢ ቃሉን ለመጠበቅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ልዩነቱን ከእጁ መክፈል። ባቲ ላይ ግመል የሸጠ ሰው ገንዘቡንና ግመሉን ተለዋውጦ ሲለያይ ነገሩ አበቃ። የትእዛዝ ሥራ ግን በቃሉና በርክክቡ መካከል ጊዜ አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓለም የምታመጣውን ሁሉ የሚሸከመው ቀድሞ ዋጋ የተናገረው ሰው ነው። አደጋን መሸከምም ሥራ ነው እላለሁ፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ ዋጋ አለው።

ስለ አናጢዎቹም እውነቱ መነገር አለበት። ቀብድ ተቀብሎ «ነገ ና» እያለ ወር የሚያመላልስ አናጢ በየከተማው አለ፤ ተመላልሼ የደከምኩበት ጊዜ አለኝ፣ ንዴቱንም አውቀዋለሁ። በኋላ ግን ነገሩን ስመረምረው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሆኖ አላገኘሁትም። ለሰኞው ሥራ የማይበቃ ዋጋ የተናገረ ሰው የሰኞውን እንጨት የሚገዛው በማክሰኞው ሰው ቀብድ ነው። የማክሰኞው ሲመጣ የረቡዕን ቀብድ ይጠብቃል። ያጓደለው ዋጋ በጊዜ ተመንዝሮ ደንበኛው ላይ ይመጣል፤ አናጢው ቃል አባይ ተባለ፣ ደንበኛውም ሦስት ጊዜ በከንቱ ተመላለሰ፣ ሁለቱም አልተጠቀሙም።

አንዳንዴ ደግሞ በጊዜ ሳይሆን በእንጨቱ ይመጣል። በርካሽ የተስማማ አናጢ ደረቅ እንጨት ለመግዛት አቅም የለውም፤ በክረምት እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝቶ በር ይሠራል። እንጨቱን በእንጨት አጋብቶ ማያያዙን ትቶ በምስማር ይመታዋል። ጨፋ ደግሞ ሞቃት ነው። በጋው ሲገባ በሩ ይደርቃል፣ ይጣመማል፣ ከመቃኑ ጋር መገናኘት ያቆማል፤ ቤቱ በሌሊት ንፋስ ያስገባል። ሰው «የዘንድሮ አናጢ ሥራ አይችልም» ይላል። የተከፈለው ግን ለሚዘጋ በር አልነበረም፤ በር ለሚመስል ነገር ነበር። ርካሽ ዋጋ ያለ ይመስለናል እንጂ የጎደለው ዋጋ የሆነ ቦታ በሆነ ሰው መከፈሉ አይቀርም።

እስካሁን ያልኩት አናጢው ዋጋውን በሙሉ ይጠይቅ የሚል ይመስላል። ነገር ግን የሚከብደኝ ጥያቄ ገና ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ስለ ፍትሕ በጻፈበት በኒቆማኮሳዊው ሥነ ምግባር 5ኛ ክፍል፣ ቤት የሚሠራና ጫማ የሚሰፋ ሰው ሥራቸውን እንዴት እንደሚለዋወጡ ይጠይቅና፣ የማይመሳሰሉ ነገሮችን የሚያመሳስለው መለኪያ የሰው ፍላጎት ነው፣ ገንዘብም የፍላጎት ወኪል ነው ወደሚል መልስ ይደርሳል። ብልህ መልስ ነው። በዚህ አውራ ጎዳና ላይ ሳስበው ግን ያቆመኛል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ይህንኑ መንገድ ይዞ ወረደ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የበር ፍላጎቱ ከማንም ይበልጣል። ፍላጎት መለኪያ ከሆነ፣ በሩን ከማንም አስበልጦ የሚገዛው ሁሉን ያጣው ሰው ሊሆን ነው። ይህን የሚቀበል ልብ ያለው አናጢ አላውቅም፤ ቢኖርም ሥራውን ለቤቴ አልፈልገውም። የሠሪው ድካም ግን የደንበኛውን ሐዘን አይቶ አይቀንስም፤ ለተቃጠለ ቤት የሚሠራ በር ለሙሽራ ቤት ከሚሠራ በር ያነሰ መላግ አይፈልግም። ስለዚህ ዋጋን በፍላጎት ሳይሆን በድካም መለካት የተጎዳውን ሰው ከብዝበዛ ያድነዋል፤ ችግረኛውን ግን መክፈል እንዲችል አያደርገውም።

የቀረው መንገድ ስጦታ ነው። እዚህ ላይ የጨፋ ልማድ ከአሪስጣጣሊስ የተሻለ መልስ ያለው ይመስለኛል። የቁርዓን ተማሪ ልጅ የሚጽፍበትን ሎህ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይቀበልም፤ ለአጅር፣ ከፈጣሪ ለሚያገኘው ምንዳ፣ ብሎ ይሠራዋል። ማንም ደግሞ ሎህ በነጻ ስለተሠራ የሳጥን ዋጋ ይቀንስ አይልም። ስጦታው ስጦታ መሆኑ ታውቋል፣ ዋጋውም ዋጋ ሆኖ ቆሟል። የሚጎዳው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። አናጢው እማማን አዝኖላቸው በ2,000 ብር ሲስማማ ስጦታ ሰጥቷል፤ እሳቸው ግን ስጦታ መቀበላቸውን አያውቁም። ትክክለኛ ዋጋ የከፈሉ ነው የሚመስላቸው። ነገ ለጎረቤታቸው «እኔ በ2,000 ነው ያሠራሁት» ይላሉ። ጎረቤቲቱም ሌላ አናጢ ዘንድ ሄዳ በዚያው ልክ ትከራከራለች፤ እሷ ደግሞ ሙሉውን መክፈል የምትችል ነጋዴ ልትሆን ትችላለች። ሳይነገር የተሰጠ ስጦታ የሌላውን አናጢ እንጀራ የሚቆርስ ዋጋ ሆኖ ወጣ። «እማማ፣ ሥራው 2,800 ነው፤ 800ውን እኔ ለአጅር ትቼልዎታለሁ» ቢል ኖሮ የወጣው ገንዘብ ያው ነው፤ የተደረገው ነገር ግን ሌላ ነው። እናትም የሰጡት ዱዓ በእውነት የምስጋና ዱዓ ይሆን ነበር።

ይህን ስል «አናጢው ሐፍረት ይይዘዋል፣ ሰጠሁ ብሎ ማውራት ነውር ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ሐፍረቱን አከብረዋለሁ። በእኛ ባህል ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለው ስሜት ሥር የሰደደ ነው። ዳሩ ግን ምጽዋት ሲሸሸግ የሚጠበቀው የተቀባዩ ክብር ነው። የእጅ ዋጋ ሲሸሸግ ግን የማንም ክብር አይጠበቅም፤ የሰጪው ሙያ ዝቅ ይላል፣ የተቀባዩም ዕውቀት ይጎድላል። አናጢው ዋጋውን ሲያብራራ ስለ ደግነቱ እያወራ አይደለም፤ ስለ ሥራው እየተናገረ ነው፤ ያንንም ለመስማት ጊዜ ያለው ደንበኛ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንባቢዬ፣ ከሚሴም ሆኑ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባም ሆኑ ሌላ ቦታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አናጢ ቤት ሲገቡ ቆመው ዋጋ አያስጠሩት። መጀመሪያ ይምጣና ይለካ። ከዚያ «የእንጨቱን ለብቻ፣ የእጅህን ለብቻ ንገረኝ» ይበሉት፤ በወረቀትም ይጻፈው። መከራከር ካለብዎት በእንጨቱ ዓይነት ላይ ይከራከሩ፤ በዋንዛው ፋንታ ግራቪሊያ ይሁን፣ ሦስቱ ደርብ ሁለት ይሁን ይበሉ። አቅም ካነሰዎት አቅሜ ይህን ያህል ነው ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ መስጠትም መተውም የእሱ ይሁን። ቀብዱን ደግሞ የእንጨቱን ሙሉ ዋጋ ያድርጉት፣ የሰው ቀብድ ፍለጋ እንዳይሄድ። ሥራውን አይተው ሲረከቡም የእጁን ዋጋ እዚያው ቆመው ይቁጠሩለት።